ሳሮጂኒ ናይዱ ግጥም ለምን ተወች?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ሳሮጂኒ ናይዱ "የህንድ ዘማሪ ወፍ" እየተባለች ትሞገሳለች። ግን የመጨረሻው የግጥም መድበሏ የታተመው በ1917 ሲሆን ህንድ ነፃ የወጣችው በ1947 ነው። በመሐሉ ሠላሳ ዓመት ባዶ ነው። ፖለቲካው ገጣሚነቷን በላው? ወይስ ድሮም ገጣሚ ያሰኛት ታጋይነቷ ነው?»

ዓመቶቹን በትክክል ይዘዋቸዋል። ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ። ሦስቱ መድበሎች የወጡት በ1905፣ በ1912 እና በ1917 ነው። ከዚያ በኋላ ማርች 2 ቀን 1949 በሰባ ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ አንድም አዲስ መድበል አላሳተመችም። «ባዶ» የሚለው ቃልዎ ላይ ግን አልስማማም። በ1927 በጁላይና በኦገስት ወር ግጥም እንደገና መጥቶባት ብዙ ጽፋለች። እነዚያን ግጥሞች በሕይወት ሳለች መጽሐፍ አላደረገቻቸውም፤ ልጇ ፓድማጃ አሰናድታ ያሳተመቻቸው በ1961 ነው። ስለዚህ የሞተ ነገር አልነበረም። እኔ ሳነባት የኖርኩት እንዲህ ነው፦ ግጥሟ ከመጀመሪያውም ለጆሮ የተሠራ ነበር፤ ሕያው ሰሚ ሲያገኝ ወረቀቱን ተወው። ይህን ለማስረዳት ግን ከልጅነቷ፣ ተዘግቶባት ከዋለችበት ክፍል መጀመር አለብኝ።

ሳሮጂኒ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1879 በሃይደራባድ ተወለደች። አባቷ አግሆሬናት ቻቶፓዲያይ ከቤንጋል የመጡ፣ በኤድንብራ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የጨረሱ የሳይንስ ሰው ነበሩ፤ በኋላ ኒዛም ኮሌጅ የተባለውን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። እናቷ ቫራዳ ሱንዳሪ በቤንጋልኛ ግጥም ይጽፉ ነበር። ልጅቷ እንግሊዝኛ አልናገርም ብላ አስቸገረች። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አባት አንድ ቀን ሙሉ ብቻዋን ክፍል ውስጥ ዘጉባት። በሕይወቷ የተቀጣችው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ እራሷ ጽፋለች። ከክፍሉ ስትወጣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆና ወጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባቷም ለእናቷም በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የምትናገረው። እናትየው በሂንዱስታንኛ ይጠይቃሉ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ልጅ የሚያሳድጉ አንባቢዎቻችን ይህን የማዕድ ወግ ያውቁታል፤ እናት በአማርኛ «በላሽ ወይ?» ስትል ልጅ በሌላ ቋንቋ ስትመልስ። ልዩነቱ፣ ሳሮጂኒ ያደገችው በስደት ሳይሆን በገዛ አገሯ ውስጥ መሆኑ ነው።

በአሥራ አንድ ዓመቷ የአልጀብራ ጥያቄ አልፈታ ብሏት ስትተክዝ፣ በመልሱ ፈንታ ሙሉ ግጥም መጣላት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የማድራስ ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና አለፈች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ በስድስት ቀን 1,300 ስንኝ ጻፈች፤ ሐኪም «ታመሻልና መጽሐፍ እንዳትነኪ» ቢላት በእልህ 2,000 ስንኝ ያለው ድራማ ጨመረች። ከዚያ የሃይደራባዱ ገዥ ኒዛም ወጪዋን ችሎ በ1895 ወደ እንግሊዝ ላካት። ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ ኬምብሪጅ ገርተን ገባች፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ለንደን ላይ ኤድመንድ ጎስ የተባለው ሐያሲ የግጥሞቿን ጥራዝ ተቀብሎ አነበበ። ስንኞቹ የተዋጣላቸው ነበሩ፣ ግን በውስጣቸው የሚበሩት የእንግሊዝ ወፎች ናቸው፤ የሚደወለውም የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ጎስ ይህን ሁሉ ተይውና የራስሽን አገር፣ የደካንን ተራራና አበባ፣ የሕዝብሽን ስሜት አምጪ አላት። (እኛም ዘንድ አይቶት በማያውቀው አበባ ላይ የተጻፈ የእንግሊዝ ግጥም በቃሉ የወጣ ተማሪ ብዙ ነው። ካስተማሩት መምህራን መካከል ደግሞ ህንዳውያን ነበሩበት፤ እነሱም በልጅነታቸው አበባውን ሳያዩ ያጠኑት።)

ምክሩ ቀና ነበር፤ መንገድም ከፍቶላታል። ነገር ግን እንደ አባቷ ሌላ ክፍል ውስጥም ዘግቶባታል ብዬ አምናለሁ። «ህንድን አሳዪን» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከለንደን አንባቢ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ መድበሎች ውስጥ ያለችው ህንድ እንግዳ እንዲያያት የተነጠፈች ገበያ ትመስላለች፦ አምባር ሻጮች፣ እባብ አጫዋቾች፣ ሽቶና ሐር። አንዳንዱ ግጥም ስኳሩ በዝቶበታል። ይህን የምለው እያሳዘነኝ ነው፤ እውነት ግን ነው፣ ከነፃነት በኋላ የመጡት የህንድ ገጣሚዎች የናቋትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ ገበያ መሐል ግን የሸማኔዎቹን ግጥም ላውጣልዎ። አሥራ ሁለት ስንኝ፣ ሦስት አንጓ ብቻ ነው። ሲነጋጋ አንድ ሰው ሸማኔዎቹን ይጠይቃል፦ ይህን የመሰለ ደስ የሚል ልብስ ለምን ትሠራላችሁ? እንደ ወፍ ክንፍ ሰማያዊ ነው፤ ለተወለደ ሕፃን ነው ይላሉ። ሲመሽ ይጠይቃቸዋል፤ እንደ ጣዎስ ላባ ሐምራዊና አረንጓዴ ነው፣ የንግሥት የሠርግ ዓይነርግብ ነው። በመጨረሻ ብርድ ባለው የጨረቃ ብርሃን ዝም ብለው ሲሠሩ ያገኛቸዋል። ልብሱ እንደ ላባና እንደ ደመና ነጭ ነው፤ የሞተ ሰው መግነዝ ነው። እዚህ ላይ ያበቃል። ተማሪዎቼ ይህን ግጥም ሲሰሙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሸማኔ በሰፈሩ ያየ፣ ጋቢ ሲሠራለትም ሲገነዝበትም ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጥያቄውና መልሱ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ አንድ ሰው ሲያወጣ ሌሎቹ ሲቀበሉ እንደማለት ነው።

ይህ ግጥም ያለበት የመጀመሪያው መድበል የወጣበት 1905 ደግሞ ቤንጋል ለሁለት የተከፈለችበት፣ ሕዝቡም በቁጣ የእንግሊዝን ጨርቅ አልገዛም ያለበት ዓመት ነው። እንግሊዝ አገር ላንካሻየር ውስጥ የሚሸመነው ርካሽ ጨርቅ የህንድን ሸማኔ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ከሥራ ውጪ ሲያደርገው ኖሯል። በግጥሙ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ሸማኔዎቹ አይራቡም፣ ዕዳ የለባቸውም። ይህ ጉድለት ነው የሚሉ ሐያስያን አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የማየው ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት፣ የአራት ልጆች እናት፣ የአገሯን ኑሮ ገና ከሩቅ ስትዳስሰው ነው። ከ25 ዓመት በኋላ ያንኑ በእጅ የተፈተለ ሻካራ ጨርቅ ለብሳ ከፖሊስ ፊት ትቆማለች።

ትዳሯንም ማንሣት አለብኝ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው አመፅ እሱ ነበር። በ1898 ከእንግሊዝ ተመልሳ ዶክተር ጎቪንዳራጁሉ ናይዱን አገባች። እሷ የቤንጋል ብራህሚን፣ እሱ ከሌላ ቋንቋና ከሌላ ካስት (የትውልድ መደብ) የሆነ ሐኪም። በዚያን ጊዜ ይህ ጋብቻ ዘመድ የሚያስቀይም ነገር ነበር። አባቷ ግን ደገፉ።

አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ። ግጥሞቿን ድምፅ አውጥተው ካላነበቧቸው ግማሹ ይጠፋል። ሙሽራ በወንበር ተሸክመው ስለሚሄዱ ሰዎች የጻፈችው ግጥም እርምጃቸውን ይዞ ነው የሚራመደው፤ ትንፋሹ ሳይቀር የተሸካሚ ትንፋሽ ነው። የኮሮማንዴል ዓሣ አጥማጆች ግጥም «ተነሡ ወንድሞች» ብሎ ይጀምራል፤ ጀልባ ላይ ሆኖ የሚጣራ ሰው ቃል ነው። እንዲህ ያለ ገጣሚ ዞሮ ዞሮ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ መድረሱ አይቀርም። በ1915 በቦምቤይ የነፃነቱን ትግል በመራው ድርጅት፣ በህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ጉባኤ ላይ ቆማ «ንቂ» የሚል ግጥም አሰማች። ስለ እናት አገር ነው፤ መጨረሻው ላይ ሂንዱው፣ ፓርሲው (የዞራስተር እምነት ተከታዩ)፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ በየተራ ድምፁን ያሰማል። ግጥሙን ያበረከተችው ለሞሐመድ አሊ ጂና ነው፤ ያኔ የሂንዱና የሙስሊም አንድነት አምባሳደር እያለች ለምትጠራው ሰው። በ1947 ፓኪስታንን የመሠረተው ያው ጂና ነው። ይህን ግጥም ዛሬ ሳነብ እነዚያ አራት ድምፆች ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ተቃራኒው ነው። ታጋይነቷ ገጣሚ አላሰኛትም። መድበሎቿ ለንደን ታትመው፣ የእንግሊዝ ሐያስያን መግቢያ ጽፈውላቸው፣ ስሟ የታወቀው ከፖለቲካው በፊት ነው። መድረክ ላይ ስትወጣ ሕዝቡ የሚያያት እንደ ገጣሚ ነበር፤ ትግሉ የተጠቀመው በዚያ ስም ነው።

1917 ላይ ቆም እንበል፤ ጥያቄዎ የቆመው እዚያ ነውና። የዚያ ዓመት መድበል ስያሜው «የተሰበረው ክንፍ» ነው። ጎፓል ክሪሽና ጎካሌ የተባለው መሪ፣ ወደ ፖለቲካው የሳባት ሰው፣ «እንዳንቺ ያለ ዘማሪ ወፍ ስለምን ክንፉ ተሰበረ?» ብሎ ጠይቋት ነበር፤ ጤናዋ ዘወትር ደካማ ነበር። ለጥያቄው በግጥም መለሰችለት፦ በተሰበረ ክንፌም ቢሆን ወደ ከዋክብት እወጣለሁ። ጎካሌ ግን መጽሐፉን ሳያይ በ1915 ሞቷል። መድበሉ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በዲሴምበር፣ ለህንድ ሴቶች የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ወደ ብሪታንያው ሚኒስትር ሞንታጉ የሄደውን የሴቶች ልዑክ መራች። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው የተከፈተው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው።

ማህተመ ጋንዲን ካገኘችው ሦስት ዓመት አልፏል። የመገናኘታቸውን ነገር ራሷ ተርካዋለች። በ1914 ለንደን ውስጥ አንድ ተራ ቤት ፈልጋ ደረጃውን ወጣች። በሩ ክፍት ነው፤ ፀጉሩን የተላጨ ትንሽ ሰውዬ ጥቁር የእስር ቤት ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ከእንጨት ሳህን የተፈጨ ቲማቲም በወይራ ዘይት ይበላል። ዙሪያውን የተቆላ ኦቾሎኒና ከደረቀ ሙዝ ዱቄት የተጋገረ ብስኩት ያለባቸው ጣሳዎች ተደርድረዋል። ሳቋ አመለጣት። እሱም ቀና ብሎ እየሳቀ ሚስዝ ናይዱ መሆን አለብሽ፣ ሌላ ማን ይደፍራል፣ ነይ አብረን እንብላ አላት። እሷ ግን አልበላም አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ሦስት ዓመት ሲቀላለዱ ኖሩ፤ እሱ በደብዳቤ «ቡልቡል» (ዘማሪ ወፍ) ይላታል፣ እሷ «ሚኪ ማውስ» ትለዋለች። ሰው ሁሉ እግሩ ሥር በሚወድቅለት ሰው ላይ መሳቅ የምትችል እሷ ነበረች። ደብዳቤዎቿ ከግጥሟ የሚበልጡበት ጊዜ አለ፤ ሰው ስትስል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፍ። በ1919 የብሪታንያ ጦር አምሪትሳር ላይ ባዶ እጁን የተሰበሰበ ሕዝብ በፈጀበት በጃሊያንዋላ ባግ ጭፍጨፋ ምክንያት ከብሪታንያ መንግሥት የተሸለመችውን ሜዳልያ መለሰች። በ1924 ኬንያ መጥታ ሞምባሳ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ህንዳውያንን ጉባኤ በሊቀመንበርነት መራች፤ ደቡብ አፍሪካም ተሻገረች። በ1925 ካንፑር ላይ የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ከህንዳውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ከእሷ በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንቶች ረጅም ጽሑፍ ያነቡ ነበር። እሷ በጣም አጭር ንግግር አደረገች፤ ዛሬም የሚጠቀሰው መስመር ይህ ነው፦ «በነፃነት ትግል ውስጥ ይቅር የማይባለው አንዱ ክህደት ፍርሃት ነው፤ ይቅር የማይባለው አንዱ ኃጢአት ተስፋ መቁረጥ ነው።» እንደ ስንኝ ቤት የሚመታ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ነገር ነው። ግጥሙ የት ሄደ ቢሉኝ፣ እዚህ አለ እልዎታለሁ።

ዳራሳና ላይ ግን መቆየት አለብኝ። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲገበያይበት በኖረ አገር የጨውን ነገር ማብራራት አያሻም፤ የብሪታንያ መንግሥት ህንዳውያን የራሳቸውን ጨው እንዳያወጡ ከልክሎ ቀረጥ ይሰበስብበት ነበር። ጋንዲ በኤፕሪል 6 ቀን 1930 ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ጨው አንሥቶ ሕጉን ሲሰብር ሳሮጂኒ እዚያ ነበረች። በሜይ መጀመሪያ እሱ ታሰረ፤ የተካው አዛውንቱ አባስ ትያብጂም ታሰሩ፤ አመራሩ እሷ እጅ ገባ። ሜይ 21 ቀን 2,500 ገደማ በጎ ፈቃደኞችን ይዛ ወደ ዳራሳና የጨው ማምረቻ ሄደች። ማምረቻው በእሾህ ሽቦና ውኃ በሞላው ቦይ ተከቧል፤ ጫፉ ብረት የተገጠመለት ዱላ የያዙ 400 ያህል ፖሊሶች ቆመዋል። ዌብ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እዚያው ነበረና ያየውን ጽፏል። እሷ ሻካራ ጥቁር ፈትል ለብሳ ሰንደል ተጫምታለች። ጸሎት አድርሳ ተናገረቻቸው፦ «የጋንዲ አካል ታስሯል፤ ነፍሱ ግን ከእናንተ ጋር ናት። የህንድ ክብር በእጃችሁ ነው። ምንም ቢመጣ ኃይል እንዳትጠቀሙ። ትደበደባላችሁ፤ አትመልሱ። በትሩን ለመመከት እንኳ እጃችሁን አታንሡ።»

ሰልፈኞቹ በረድፍ በረድፍ ሄዱ። ዱላው ሲወርድ አንድም ሰው ክንዱን አላነሣም። የፊተኛው ረድፍ ሲወድቅ የኋለኛው ይራመዳል። ሚለር በጊዜያዊው ሆስፒታል 320 ቁስለኛ ቆጠረ፤ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በዚህ መሐል አንድ እንግሊዛዊ ሹም መጥቶ ክንዷን ነክቶ «ታስረሻል» አላት። እጁን አራግፋ ጣለችና «እመጣለሁ፤ ግን አትንካኝ» አለችው።

ያንን ንግግር ደግመው ያንብቡት። አጭር ነው፣ ቃሉ ተራ ነው፣ ጌጥ የለውም። በ1905 ሐርና ሽቶ ስትደረድር የነበረችው ሴት ናት እንዲህ የምትናገረው። ሰሚዎቿ ከደቂቃዎች በኋላ ጭንቅላታቸው የሚፈነከት ሰዎች ናቸው። ለእነሱ በሚነገር ቃል ውስጥ ማስጌጫ ስንኝ አይገባም፤ እሷም ታውቀው ነበር። ከ1917 በኋላ ግጥም ማሳተሟን የተወችው ጊዜ አጥታ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ያ የተዋሰችው የእንግሊዝ ዜማ አዲሱን ነገሯን ሊሸከምላት አልቻለም። በ1927 ሲመጣባት ጽፋዋለች፣ ቤቷም አስቀምጣዋለች፤ አደባባይ ይዛ የወጣችው ሌላውን ድምፅ ነው። እንግሊዝ አገርም ቢሆን የግጥም ፋሽኑ ተለውጦ ነበር።

ዋጋ አልከፈለችም ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ ታስራለች። የመጨረሻው በኦገስት 1942 ነበር፤ ከጋንዲ ጋር ፑኔ ውስጥ አጋ ካን ቤተ መንግሥት አሰሯት። በገቡ በስድስተኛው ቀን የጋንዲ ጸሐፊ ማሃዴቭ ዴሳይ እዚያው ሞተ። እሷ በ1943 በሕመም ተፈታች። ሌላ ሕይወት ቢሰጣት፣ ቤቷ ተቀምጣ ብትጽፍ፣ ያንን ሁለተኛ ድምፅ ወረቀት ላይ ታወርደው ነበር ብዬ እቆጫለሁ።

ስለ ስሟም አንድ ነገር፦ የተሰጣት ማዕረግ «ብሃራት ኮኪላ» ነው። ኮኪላ ማንጎ በሚያብብበት ወቅት የሚጮህ የህንድ ወፍ ነው። እንግሊዝኛው ግን በዚያ ፈንታ የአውሮፓን የሌሊት ዘማሪ ወፍ አስገባ። ጎስ አስወጪ ያላት ወፍ በስሟ በኩል ተመልሶ ገባ፤ ብዙዎቻችን የምናውቃት በዚያ ነው።

ነፃነት በመጣበት ቀን፣ ኦገስት 15 ቀን 1947፣ የዛሬዋ ኡታር ፕራዴሽ ገዥ ሆና ተሾመች፤ በነፃይቱ ህንድ የክፍለ ሀገር ገዥ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አምስት ወር ተኩል እንዳለፈ ጋንዲ ተገደለ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1948 በሬዲዮ ተናገረች። ሰው ሁሉ «ነፍሱ በሰላም ትረፍ» በሚልበት ሰዓት እሷ የመምህሬ፣ የመሪዬ፣ የአባቴ ነፍስ በሰላም አትረፍ አለች። «አባቴ፣ አትረፍ። እኛም እንድናርፍ አትፍቀድልን። ቃላችንን አስጠብቀን።» እኛ አገር ሙሾ አውራጅ ለቀስተኛውን ትታ ሬሳውን ራሱን ስትጠራው የሰማ ሰው ይህ ምን ዓይነት ንግግር እንደሆነ ያውቃል።

ከየት ልጀምር ካሉኝ፣ የሸማኔዎቹን ግጥም፣ ቀጥሎ በ1915 ቦምቤይ ላይ ያሰማችውን፣ ከዚያ የካንፑሩን ንግግርና ይህን የሬዲዮ ቃል በዚሁ ቅደም ተከተል ያንብቡ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው።